የወለወልኩት ሞተር

በዚያ ዘመን ቤይሩት ውስጥ ቤት ማጽዳት እንደ እኔ የሚችል ሰው አልነበረም። ጉራ አይምሰላችሁ። ፋናር ላይ አራት ዓመት ያገለገልኳት ማዳም ነጭ ሶፍት ጣቷ ላይ ጠቅልላ ከበሩ አናት፣ ከአምፖሉ ጀርባ፣ ከመታጠቢያው ቧንቧ ሥር ታሽ ነበር። ሶፍቱ ከጠቆረ ክፍሉ ከመጀመሪያው እንደገና ይጸዳል፤ ምሳ የሚባል ነገር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ቤት ብሩንም፣ እብነ በረዱንም፣ እንጨቱንም ፊቴን እስኪያሳየኝ ድረስ መወልወል ተማርኩ። አረብኛውንም የተማርኩት ከማዳሜ ስድብ ነው፤ ስለዚህ ምስጋና ሳውቅ ዓመት አልፎኝ ነበር።

የምጽፈው ግን ስለ እሷ አይደለም። ይህ እጄ ምን እንደሠራ ነው የምጽፈው። ይህን ያህል ዓመት ለማንም ሳልናገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖሬያለሁ።

ከማዳሜ ቤት የወጣሁት ፓስፖርቴን እሷ ዘንድ ትቼ ነው። ፉርን ኤል ሸባክ ውስጥ፣ የጦርነቱ ጥይት ፊቱን የበሳሳው አንድ ፎቅ ላይ፣ ከሁለት የወሎ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። እኔም የዚያው አገር ሰው ነኝ፤ ሦስታችንም በሰዓት እየተቀጠርን የሰው ቤት እናጸዳ ነበር። ወረቀት የለኝም። ወታደር ካየሁ መንገድ እሻገራለሁ፤ ፖሊስ ካየሁ ደግሞ የሱቅ መስኮት የማይ መስዬ እቆማለሁ። በዚያ ሰፈር ያሉትን የሱቅ መስኮቶች በሙሉ በቃሌ አውቃቸው ነበር።

እሱን ያገኘሁት ሐዝሚዬ ላይ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከማጸዳው ቤት የወጥ ቤት በር ተንኳኳና ስከፍት አንድ ረጅም ሱዳናዊ የእንቁላል ትሪ ታቅፎ ቆሟል። ከታችኛው ሱቅ ዕቃ በሞተር የሚያደርስ ሰው ነበር። ሠላሳውን እንቁላል አንድ በአንድ አየሁና አንዱም አልተሰነጠቀም። «በዚያ ዳገት ላይ ይዘህ ወጥተህ?» አልኩት። «ያ ዞላ፣ እንቁላሉን ሳይሆን መንገዱን ነው የምይዘው» አለኝ። ሱዳኖች ሴትን እንዲህ ነው የሚጠሯት። በሚቀጥለው ሐሙስ ያ ቤት እንቁላል ሳያዝ በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚስቅ ሰው ነበር። እኔ ችኩል ነኝ፤ ነገር ከአፌ የሚወጣው ሳላኝከው ነው። እሱ እኔን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቅና «ማዳምሽ ገብታብሻለች» ይለኛል። እናደዳለሁ፤ ግን እውነቱን ነበር። በስድስተኛው ወር ኒካህ ልናስር ተነጋገርን። ችግሩ ወረቀት ነው። የእሱ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚታደሰው በባለሱቁ ስም ነው። እኔ ደግሞ ስም የሚሰጠኝ ካፊል፣ ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ የለኝም። እንዲህ ሆነን ቤት ብንይዝ አንድ የፖሊስ ማንኳኳት ሁለታችንንም ይበትነናል።

ባለሱቁን ሁሉም «ሙዓሊም»፣ ጌታው እንደማለት፣ ነበር የሚሉት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አሁንም እመሰክርለታለሁ። ሦስት ሞተሮችና ሦስት አድራሾች ነበሩት። የመንግሥቱን ወረቀት፣ እኛ አገር ቦሎ የምንለውን፣ እነሱ «ሜካኒክ» የሚሉትን፣ ራሱ ያስጨርሳል። ከዚያ በላይ ግን የራሱ ምርመራ ነበረው። ከዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛው ፍሬን በሌለው ሞተር ተጎድቶበት ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ፣ እሑድ ጧት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሱፉን እንደለበሰ ሞተሮቹን በሱቁ በር ያሰልፋቸዋል። በደብተሩ መብራት፣ ጥሩምባ፣ ስፖኪዮ፣ ጎማ እያለ ምልክት ያደርጋል። ንጽህናም አለበት። «ቆሻሻ ሞተር የሱቄን ስም ያቆሽሻል» ይላል።

መጨረሻ ላይ ፍሬን ነው። ከሱቁ ጎን ቁልቁል የሚወርድ አጭር መንገድ አለ። ሙዓሊም መሐሉ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል። አሽከርካሪው ከላይ ሞተሩን አስነስቶ ይወርድና በእጅ ፍሬን፣ በፊተኛው ብቻ፣ መስመሩ ላይ ማቆም አለበት። «በእግርማ ማንም ያቆማል» ይላል ሙዓሊም። መስመሩን ያለፈ ሞተሩን አስረክቦ ሦስት ወር በእግሩ ከረጢት ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ሁለቴ ያለፈ ሥራውን ይለቃል።

በክረምቱ ምርመራ የእኔ ሰው ወደቀ። ፍሬን ሸራው አልቆ ነበር፤ መብራቱ ደብዝዞ ነበር፤ ሞተሩ ደግሞ እስከ ኮርቻው ጭቃ ነው። ሦስቱን ወር በእግሩ ሠራ። ከዚያ ሙዓሊምን ቀርቦ ስለ እኔ ነገረው። ሙዓሊምም አሰበና እንዲህ አለው፦ «የሚቀጥለውን ምርመራ እለፍ። ካለፍክ ልጅቷን በስሜ አስገባታለሁ፤ ሚስቴም ቤት የሚያጸዳላት ሰው ትፈልጋለች። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል ትይዛላችሁ። ካላለፍክ ግን ኸላስ፣ ሌላ ሥራ ፈልግ።»

እንግዲህ ነገራችን ሁሉ፣ ወረቀቱም፣ ትዳሩም፣ ክፍሏም፣ በዚያች የጠመኔ መስመር ላይ ወደቀ።

ከምርመራው በፊት ባለው ሳምንት ሞተሩ ለጥገና ተሰጠው። እኛ ፎቅ ሥር ወዳሉት አርመን መካኒክ ይዞት መጣ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሬዲዮ ከፍተው ከሬዲዮው ጋር የሚጣሉ ሰው። አዲስ ፍሬን ሸራ አስገቡለት፤ አምፖሉን ቀየሩ፤ ጎማውን ነፉ። እሱ መንገዱ ላይ ወዲያ ወዲህ እየነዳ ፍሬኑን ሲይዘው ሞተሩ ቀጥ ይላል። አርባ ዓመት የሞላው ሰው እንደ ልጅ እየሳቀ «አየሽው? አየሽው?» ይለኛል። እኔም ከሰገነቱ ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ።

«የቀረው መታጠብ ብቻ ነው» አለኝ ቅዳሜ ጧት ወደ ሥራ ሊሄድ ሲል።

«እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት። አፌን ሞልቼ ነበር ያልኩት። ፍሬን አላውቅ፣ ሸራ አላውቅ፤ ለዚህ ትዳር እኔም አንድ ነገር ማዋጣት ፈልጌ ነበር። የማውቀው ደግሞ ማጽዳት ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሞተሩን የፎቁ መግቢያ ላይ አቆምኩትና እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ጭቃውን በሙቅ ውሃ አስለቀቅኩ። ጥጋ ጥጉን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ኮርቻውን በሆምጣጤ አጸዳሁ። ከዚያ ወደ ብረቱ ሄድኩ። ሰኞ ሰኞ የማጸዳላት ማዳም ልትጥለው ስትል የለመንኳት የእንጨት ዕቃ መወልወያ ነበረኝ፤ በቆርቆሮ ያለ፣ የሚነፋ፣ የሎሚ ሽታ ያለው። ቁም ሣጥን ላይ ሲነፉት ዝንብ ያንሸራትታል። እሱን እየነፋሁ በአሮጌ ሹራብ መሪውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ስፖኪዮውን ወለወልኩ።

የፊት ጎማው ጎን ላይ አንድ ክብ ብረት አለ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ትንሽ ትሪ የሚያህል። ከሞተሩ ሁሉ እሱ አናደደኝ። ሌላው ሲያበራ እሱ ግራጫ ሆኖ፣ ተጫጭሮ፣ ዳሩ ዛገግ ብሎ ተቀምጧል። ጌጥ መሰለኝ። ማሳመሪያ ተብሎ የተደረገ፣ ባለቤቱ የረሳው ጌጥ። ማዳሜ ብታየው መጀመሪያ ሶፍቷን የምታሳርፈው እዚህ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። በጥርስ ሳሙና አሸሁት። አጠብኩት፣ አደረቅኩት። ከዚያ መወልወያውን ነፋሁበት፤ አሸሁት፤ ደግሜ ነፋሁበት፤ አሸሁት። ሦስተኛ ጊዜ ስነፋበት ጥርሴን አየሁበት። ጀርባውንም እጄን አሾልኬ አልተውኩትም። ማዳም የማታየውን ቦታ መተው እኔ አላውቅም ነበር።

የክፍሌ ልጆች ወርደው እልል አሉ። እሱ ከሥራ ሲመለስ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። «ዋላሂ ይህ የእኔ ሞተር አይደለም» አለ። ዞሮ ዞሮ አየው። ሊነዳው እንኳ ሳሳ። አቧራ እንዳይነካው እዚያው ትቶት በሰርቪስ ታክሲ ሄደ።

እሑድ ጧት ከኋላው አስቀምጦኝ ወደ ሐዝሚዬ ወጣን። መንገዱ ዳገት ነው፤ መኪናም ብዙ አልነበረም። እኔ ስለምፈራ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። ሲያዘገይም በእግሩ እየረገጠ ነው። ጀርባው ላይ ተለጥፌ ስለ ክፍሏ አስባለሁ፤ መጋረጃው ምን ዓይነት ይሁን እያልኩ ነው።

ሙዓሊም ሞተሩን ሲያይ ሳቀ። ጣቱን መሪው ላይ አሳለፈ፤ ጣቱን አየው። «ሹ ሃይዳ! ሚን ነዳፎ? ማነው ያጸዳው?» አለ። እሱ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ብራቮ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አለኝ ሙዓሊም። «ነገ ሁለት ፎቶግራፍ ይዘሽ ነይ፤ ወረቀትሽን እንጀምራለን። ያኒ፣ እሱ ካቆመ ነው እንጂ!» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንዲያ የኮራሁበት ቀን የለም።

መብራቱ በራ፤ ጥሩምባው ጮኸ፤ በደብተሩ ላይ ምልክት ተደረገ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቁልቁለቱ ሄደ። የመጀመሪያው አድራሽ ወርዶ መስመሩ ላይ ቆመ። ሁለተኛውም ቆመ። የእኔ ሰው ከላይ እጁን አነሳልኝና ለቀቀው።

ቀኝ እጁ ፍሬኑን ሲጨብጥ አየሁ። ሞተሩ አልቀነሰም። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ሲጨብጥ አየሁ። መስመሩን አለፈ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ግራ መጋባት ነበር፣ የሚያውቀው ሰው አላውቅህም ያለው ይመስል። በእግሩ ሲረግጥ የኋላው ጎማ ከዳው። ከታች፣ መንገዱ ሲያልቅ፣ የውሃ ቦቴ ቆሞ ነበር። እሱ ውስጥ ላለመግባት ሞተሩን በጎኑ ጣለው። ሞተሩም እሱም አንድ ላይ ተንሸራትተው ሄዱና ከግንቡ ጋር ተላተሙ። ጉልበቱ በሞተሩና በግንቡ መሐል ነበረች።

ሙዓሊም ነው በመኪናው ያደረሰው። እኔ ከኋላ ራሱን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሆስፒታል ውስጥ ሙዓሊም ሱፉ ደም እንደነካው ግድግዳ ተደግፎ ያለቅስ ነበር። ሐኪሙ ሕይወቱ ደህና ነው፣ ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም አለን። እኔ ያን ሰዓት አርመኑን ነበር የምረግመው። «ያ ሽማግሌ ነው የገደለን! ሬዲዮ እየሰማ ሸራውን አበላሽቶ!» እያልኩ ኮሪደሩን አተረማመስኩት። ሙዓሊምም አመነኝ። በማግሥቱ የተጣመመውን ሞተር በፒክአፕ ጭኖ ሽማግሌው በር ላይ ጣለው።

ከሦስት ቀን በኋላ ከሆስፒታል ስመለስ ሽማግሌው ከጋራዣቸው ጠሩኝ። ሬዲዮው ተዘግቷል። የፊተኛውን ጎማ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አጋድመውታል። ጣታቸውን ያ ክብ ብረት ላይ አሹና አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

ሎሚ ሸተተኝ።

«ፍሬን ሸራው የሚነክሰው ይህን ብረት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላ ቦታ የለውም። ይህ ቅባት ከነካው ሸራው አዲስ ቢሆን አሮጌ ቢሆን ያው ነው፣ ይንሸራተታል። ማነው ያጸዳው፣ ያ ቢንቲ?»

የቤንዚን ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አልኩ። አላውቅም አልኩ። ማጽዳቴን ሙዓሊም ያውቃል፣ ሠፈሩ ያውቃል፣ እሳቸውም በራቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ውለዋል። እኔ ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላውቅም፣ አባባ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ብዙ አላዩኝም። ጨርቅ ቤንዚን ነክረው ብረቱን ሙልጭ አድርገው አጠቡት። አዲስ ሸራ ቀየሩ። ጎማውን መልሰው ገጠሙ፤ አሽከረከሩትና ፍሬኑን ያዙት። ቀጥ አለ። «ማዓሌሽ፣ ግድ የለም» አሉኝ። «ፍሬኑ ይሠራል ብዬ ለባለሱቁ እነግረዋለሁ። አሁን ይሠራልና ውሸት አይሆንም።» አዝነውልኝ ነው። እኔም ተንበርክኬ እጃቸውን ሳምኩ።

ያ እዝነት ምን እንዳመጣ ያኔ አልታየኝም። ሙዓሊም ሞተሩን ሊያይ መጣ፤ ፍሬኑን ራሱ ሞከረው፤ ደህና ነው። ሞተሩ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የነጂው ነው። ሙዓሊም ይህን በክፋት አላለውም፤ ሆስፒታል ሄዶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ደንግጠህ ይሆናል፣ ዘግይተህ ይሆናል፣ ሰው ነህ» አለው። የእኔ ሰው አሰበና ራሱን ነቀነቀ። ተቀበለው። ሠላሳ እንቁላል ሳይሰነጥቅ ዳገት የሚወጣ ሰው ፍሬን መያዝ ዘገየሁ ብሎ አመነ።

ከዚያ በኋላ ልጠይቀው ስሄድ ቀኝ እጁ አንሶላው ላይ አያርፍም። ጣቶቹን ይጨብጣል፣ ይለቃል። ይጨብጣል፣ ይለቃል። «ምን ትሠራለህ?» አልኩት አንድ ቀን። «ስንት እንደቆየሁ እየቆጠርኩ ነው» አለኝ። «አንድ ብዬ ነው የያዝኩት ይመስለኝ ነበር። ሁለት ብዬ ኖሯል።»

«ስማኝ» አልኩት። «ቅዳሜ ዕለት ሞተሩን ሳጸዳ...»

ፊቱ በራ። «ቅዳሜ! እዚህ ላሉት ሁሉ አወራሁላቸው እኮ። እጮኛዬ ሞተር ስታጸዳ ሰው ከመንገድ ቆሞ ያያል አልኳቸው። ያቺ ነርስ አላመነችኝም። ነይና ንገሪያት።»

ብርቱካን ላጥኩለትና ወጣሁ።

አሁን ሆኜ ሳስበው የዝምታዬ ምክንያት ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለራሴ አዝንለት ነበር። ግን አልነበረም። በዚያው ሳምንት ሙዓሊም ሱቁ ድረስ አስጠርቶኝ ነበር። «ቃሌን አላጥፍም» አለኝ። «መስመሩ ላይ ባያቆምም አንቺን በስሜ አስገባሻለሁ። ያለቀስሽው ለቅሶ በልቶኛል።» ሁለት ፎቶግራፍ ሰጠሁት። ብናገር ያን ወረቀት ይቀደዋል ብዬ ፈራሁ። እሱን እንዳላጣ ፈራሁ፤ ወረቀቱንም እንዳላጣ ፈራሁ፤ የትኛውን አብልጬ እንደፈራሁ ዛሬም ራሴን ስጠይቅ ደስ የማይል መልስ ነው የማገኘው። ፓስፖርቴን ሙዓሊም ራሱ ፋናር ሄዶ ከማዳሜ ተቀበለልኝ። በሁለተኛው ወር ኢቃማዬ ወጣ። ወታደር አጠገብ ቀጥ ብዬ ማለፍ ጀመርኩ።

እሱ ከሆስፒታል ሲወጣ እግሩ እንጨት ሆኗል። ሞተር መንዳት አይችል፤ ዳገት መውጣት አይችል። ሙዓሊም ሱቁ ውስጥ ተቀምጠህ ዕቃ መዝን አለው። እሱ አልፈለገም። «ያጠፋ ሰው ምሕረት እየበላ አይቀመጥም» አለኝ። ኒካሁን ሳነሳበት ወደ መስኮቱ ዞረ። ለአንቺ የሚሆን ባል መስመሩ ላይ ማቆም የሚችል ነው አለኝ። ጮህኩበት፣ ለመንኩት፣ እንዲመክረው ለሙዓሊም ነገርኩ። ያን አንድ ነገር ብቻ አልነገርኩትም። እሱን ብነግረው ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። ተቆጥቶም ቢሆን ይቀር ነበር።

ወደ አገሩ የሄደው በበጋ ነው፣ በደማስቆ በኩል። ታክሲው ፉርን ኤል ሸባክ አደባባይ ዳር ቆሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል። ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩለት። ሹፌሩ «ያላ፣ ያላ» ይላል። እሱ ያን የማይታጠፍ እግሩን ለማስገባት ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ተቀመጠና እጄን ያዘ። መዳፌን ገልብጦ አየው።

«ያ ዞላ» አለኝ። «አንድ ነገር ሳልልሽ ብሄድ አፈሩም አይቀበለኝ። ቅዳሜውን ሙሉ ደክመሽ፣ እጅሽ ተልጦ፣ እንደ ሙሽራ አሳምረሽ የሰጠሽኝን ሞተር በአንዲት ደቂቃ አጠፋሁት። ያንቺን ድካም አጠፋሁት። ይቅር በይኝ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ወደ እኔ ያያሉ፤ ምን እንደምመልስ ይጠብቃሉ። እሱም ይጠብቃል። እጄ እጁ ውስጥ ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።